የአክስቴ ታብሌት ጣት አልሰማ ያለበት ሳምንት

በዚያ ሳምንት ታብሌቱን ስንት ጊዜ አጥፍቼ እንዳበራሁት አላውቅም። ማጥፊያውን ተጭኜ እይዛለሁ፤ ስክሪኑ ይጨልማል። እንደገና እጫነዋለሁ፤ ሁለት ትንንሽ ሥዕሎች ጎን ለጎን ብቅ ይላሉ። አንዱ አንድሮይድ ነው፣ አንዱ ዊንዶውስ። በድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ አንዱን እመርጣለሁ። አንድሮይድን ከመረጥኩ ስክሪኑ ገና ጣቴን ሳሳርፍበት ይታዘዛል። ዊንዶውስን ከመረጥኩ ግን ብነካው፣ ብጠርገው፣ ጣቴን በቀሚሴ አድርቄ ብሞክረው ምንም የለም። መስታወቱ ያው አንድ ነው። ጣቴም ያው ነው። ይህን እያወቅሁ አጠፋዋለሁ፣ አበራዋለሁ።

ታብሌቱ የእኔ አልነበረም። የእናቴ ታናሽ እህት፣ የአክስቴ ነው። አክስቴ ሰበታ ውስጥ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብላ አንዲት ክፍል ተከራይታ የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ ትሠራለች። ጥልፉን የሚሰፋው ማሽን ነው፤ ማሽኑ ምን እንደሚሰፋ የሚያውቀው ግን አክስቴ ታብሌቱ ላይ ስትስልለት ነው። በጣቷ ትስላለች። አንድ ፕሮግራም መስመሩን ወደ ስፌት ይቀይርላታል፤ እሷ በፍላሽ ገልብጣ ማሽኑ ላይ ትሰካዋለች። ፕሮግራሙ የሚሠራው በዊንዶውስ ብቻ ነው። አንድሮይዱን ለመዝሙርና ለቪዲዮ ነው የምትከፍተው።

እኔ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከቡራዩ እየተመላለስኩ አዲስ አበባ እማራለሁ። ገና ዲፓርትመንት አልተመደብኩም፤ እንደ ማንኛውም አዲስ ገቢ ሎጂክ፣ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛና ሒሳብ ነው የምማረው። ነገር ግን አንድ ቀን ምሳ ላይ «ሶፍትዌር ብማር ደስ ይለኛል» ስላልኩ ዘመድ ሁሉ መርቆ አስመርቆኛል። ጎረቤት ቴሌቪዥኑ ቻናል ሲጠፋበት የምጠራው እኔ ነኝ። የሰው ስልክ ሲሞላ የማራግፈው እኔ ነኝ። «አላውቅም» የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም። ሰው ተስፋ አድርጎ ሲያየኝ ፊቱ እንዲጠቁር አልፈልግም፤ ስለዚህ እሺ ብዬ እጀምራለሁ፣ ከዚያ ተደብቄ ስልኬ ላይ እፈልጋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ይሳካልኛል። ያበላሸኝም እሱ ነው።

ጊዜው ጥር ነበር፤ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ሠርግ በሠርግ ላይ በሚደራረብበት ሰሞን። ቅዳሜ ዕለት አክስቴ ጋ ስሄድ ታብሌቱ ክፉኛ ተንቀራፍፎ አገኘሁት። አንድ መስመር ትስልና መስመሩ እስኪታይ እጇን አጣምራ ትጠብቃለች።

«እቴቴ፣ ላጽዳልሽ?» አልኳት። ማንም አልጠየቀኝም።

«ሥዕሎቼ አይጠፉም?»

«ኧረ በፍጹም! መጀመሪያ ሁሉንም ኮፒ አደርገዋለሁ።»

አደረግሁም። ጠንቃቃ ነኝ። ሥዕሎቿን፣ ፎቶዎቿን፣ የፕሮግራሙን መጫኛ ሳይቀር በፍላሽ ገልብጬ፣ መድረሳቸውን እየከፈትኩ አየሁ። ከዚያ ዊንዶውሱን አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩት። ኪቦርድና ማውስ በአንዲት አጭር ገመድ ሰክቼ ስለነበር ሥራውን ሁሉ የጨረስኩት በማውስ ነው። ፕሮግራሙ ጠቅ ሳደርገው ወዲያው ተከፈተ። አክስቴ አጨበጨበች፤ ግራ ቀኝ ሳመችኝ። ደስ ብሎኝ ታክሲ ተሳፈርኩ። ስክሪኑን አንድ ጊዜ እንኳ በጣቴ ሳልነካው ነበር የወጣሁት።

እሑድ ከሰዓት ደወለች።

«ይሄ ነገር ጣቴን አልሰማ አለኝ።»

«የቱ?»

«ታብሌቱ ነዋ! በማውሱ ይሄዳል። በጣቴ ስነካው ግን ግድግዳ ነው። ምን አድርገሽው ነው?»

«እኔ ምንም አላደረግሁም» አልኳት። አፌ ቀደመኝ። «የዊንዶውስ ጸባይ ነው። አንዳንዴ እንደዚህ ያደርጋል። ነገ መጥቼ አየዋለሁ።»

«ጊዜዬ እስከ ሐሙስ ነው፤ ታውቂያለሽ አይደል?»

አውቃለሁ። እዚያው ሰበታ አጠገብ፣ ዓለም ገና የምትኖር አንዲት ሙሽራ ነበረች። እናቷ በሸማኔ ያሠሩትን ነጭ ጨርቅ አምጥተው አክስቴ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠዋል። አክስቴ እስከዚያ ቀን ድረስ የምትሠራው ከሌላ ሰው የተገለበጠ፣ ገበያ ላይ ያለ ጥልፍ ነበር። የራሷን ሥዕል ለሙሽራ ስታወጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። የሙሽራዋ እናት ግን ቁርጡን ተናግረዋል፦ ሐሙስ ማታ ሥዕሉ አልቆ ካላዩት ጨርቃቸውን ይዘው ሽሮሜዳ ይሄዳሉ።

ሰኞ ሎጂክ ክፍል ውስጥ መምህሩ ስለ ትክክለኛ መደምደሚያ ያስተምራል፤ እኔ እግሬን አንቀጠቅጣለሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ «ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ እኮ» አለችኝ። ይቅርታ ጠይቄያት አቆምኩ፤ ትንሽ ቆይቼ እንደገና ጀመርኩ። ክፍሉ እንዳለቀ ሰበታ ወረድኩ።

አክስቴ ማሽኗ አጠገብ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። «መጣሽልኝ፣ የኔ ኢንጂነር?» ብላ ታብሌቱን ሰጠችኝ። «በማውሱ ልሞክር ብዬ ነበር። እስቲ እይው።»

አየሁት። አንገት ላይ የሚወርደው መስቀል ጉብጥብጥ ብሎ፣ የሰከረ ሰው የሄደበት መንገድ መስሏል።

«ይሄ የኔ እጅ ነው?» አለች። «ሃያ ዓመት ጥልፍ ስስል እንዲህ ያለ መስመር አውጥቼ አላውቅም። ማውሱ ክንዴን እንጂ ጣቴን አያውቀውም።»

«ቤት ወስጄ ላስተካክለው?»

«ውሰጂው። ብቻ ሐሙስን አደራ።»

ማክሰኞ ክፍል አልነበረኝም። ከጠዋት ጀምሮ ቡራዩ ቤታችን አልጋ ላይ ተቀምጬ፣ ማውሱን ሰክቼ የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። ንክኪውን ማስተካከያ የሚለውን ከፈትኩ፤ ዊንዶውሱ «በዚህ መሣሪያ ላይ ንክኪ የለም» ብሎ መለሰልኝ። ጣቴን እያየሁ ንክኪ የለም ይለኛል። የመሣሪያዎቹን ዝርዝር ከፈትኩ፤ ከመካከላቸው አንዱ ላይ ቢጫ ምልክት ተቀምጧል፣ ስሙም «ያልታወቀ መሣሪያ» ነው። አንድሮይድን ከፈትኩ፤ ይሠራል። ዊንዶውስን ከፈትኩ፤ አይሠራም። ከታብሌቱ ላይ ኢንተርኔት ልፈልግ ብል ገጹ ሁሉ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ይዘጋብኛል። የሰፈራችን ኔትወርክ ነው ብዬ አለፍኩትና በስልኬ መፈለግ ቀጠልኩ።

ስልኬ ላይ ያገኘሁት እኔን የሚመስሉ ሰዎች የሚጽፉበት ገጽ ነበር። ሁለት ሲስተም ያለው ታብሌት ገዝተው፣ ዊንዶውሱን አጥፍተው ጭነው፣ ንክኪው የሞተባቸው ናቸው። አንዳንዱ ከዓመታት በፊት ጠይቆ መልስ ሳያገኝ ቀርቷል። ወረድ ብሎ አንድ ሰው ረጋ ብሎ አስረድቷል፦ የንክኪው ፋይል ለእያንዳንዱ ታብሌት የተለየ ነው፤ ከዊንዶውስ ጋር አይመጣም፤ ከሌላ ዓይነት ታብሌት ተወስዶ አይሆንም። አንድሮይዱ የራሱ ስላለው አይነካም። ዊንዶውሱን ከማጥፋታችሁ በፊት ይህን ፋይል ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ያቺን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኳት። ሥዕሎቿን ኮፒ አድርጌያለሁ፤ ፎቶዎቿን ኮፒ አድርጌያለሁ። ይህን አላደረግሁም፤ መኖሩንም አላውቅም ነበር። የዊንዶውስ ጸባይ አልነበረም። እኔ ነኝ።

ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። ወጥቼ ወደ ገፈርሳ የሚወስደውን መንገድ ይዤ ባሕር ዛፉ እስከሚጀምርበት ሄድኩ። ወዴት እንደምሄድ አላሰብኩም ነበር፤ ታብሌቱ አልጋ ላይ እንዳለ ትዝ ሲለኝ እየሮጥኩ ተመለስኩ። ሮጬ ምን እንደማደርግም አላውቅም። አጥፍቼ አበራሁት።

ያኔ ነው የአክስቴ ጓደኛ ትዝ ያለችኝ። ሁለቱ አረብ አገር በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሲሠሩ ኖረው በአንድ አውሮፕላን ነው የተመለሱት። ሊመለሱ ሲሉ ከአንድ ሱቅ አንድ ዓይነት ታብሌት መግዛታቸውን አክስቴ ሁልጊዜ ታወራለች። ጓደኛዋ አሁን ሱሉልታ አባቷ ጋ ነው የምትኖረው። ለአክስቴ ደወልኩ።

«ከእሷ ታብሌት አንድ ፋይል ልውሰድ ነው።»

«የኔው ፋይል የት ሄደ?»

«ተበላሽቷል» አልኩ። እሑድ የተናገርኩት ላይ ሌላ ጨመርኩበት። አክስቴ የጓደኛዋን ስልክ ቁጥር ነገረችኝ። ጓደኛዋ ሥራ ላይ እንደምትሆን፣ አባቷ ግን ጠዋት ቤት እንደማይታጡ ነገረችኝ። «ታብሌቱን ከዓይናቸው አያርቁትም፤ አትናደጂባቸው» ብላ ሳቀች።

ረቡዕ ከክፍል ቀረሁ። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ የመጀመሪያዬ ነው። ከቡራዩ ወደ ከተማ፣ ከከተማ አዲሱ ገበያ፣ ከአዲሱ ገበያ ሱሉልታ። በየታክሲው እጄን ቦርሳዬ ውስጥ እየከተትኩ ታብሌቱ መኖሩን አረጋግጣለሁ። ከእንጦጦ ጀርባ ስንወርድ ብርዱ በመስኮቱ ገባ፤ ሣር የጫነ አይሱዙ ከፊታችን ቀስ ብሎ እየሄደ መንገዱን ዘጋው። ሾፌሩ ክላክስ ባደረገ ቁጥር እኔም በልቤ አብሬው አደርጋለሁ።

የጓደኛዋ አባት በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ረጅም፣ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ናቸው።

«አካም ቡልቴ?» አሉኝ።

«ናጋዳ፣ አባባ» አልኩ። ቡራዩ ከገባን አራት ዓመታችን ነው፤ ኦሮምኛዬ ታክሲ ውስጥ የተማርኩት ነው፣ ከሰላምታና ከ«ወራጅ አለ» ብዙም አያልፍም። እሳቸው ገብቷቸው ወደ አማርኛ ዞሩ።

ታብሌቱን ከቁም ሣጥን አወጡ። በፎጣ ተጠቅልሏል። የፈረስ ጉግስ ቪዲዮ እንደሚያዩበት ነገሩኝ፤ ሌላውን ግን፣ ያን ሰማያዊውን፣ ልጃቸው «አባዬ እንዳትነካው» ስላለቻቸው አንድ ቀን ከፍተውት አያውቁም። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ያልተነካ ዊንዶውስ ማለት ያልጠፋ ፋይል ማለት ነው። ከፈትኩት፤ በጣቴ ነካሁት፤ ታዘዘኝ። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ስም ከእኛው ጋር አስተያየሁ፤ አንድ ነው። ፍላሼን ሰካሁ።

እሳቸው ወንበራቸውን አስጠግተው ከትከሻዬ በላይ ያያሉ።

«አንቺ ስትወስጂ የኛው አይጎድልም?»

«አይጎድልም አባባ። ኮፒ ነው፤ የእርስዎ እንዳለ ይቀራል።»

«ሳይጎድል የሚሰጥ!» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከላሚቱ ተሻለ። እሷ እንኳ ስትሰጥ ይጎድልባታል።»

ሳቅሁ። ከእሑድ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። ኮፒውን የሚያሳየው መስመር እየሞላ ሳለ ጠየቁኝ፤

«የአክስትሽ የት ሄዶ ነው?»

«አጠፋሁት።» ለእሳቸው መናገር ምንም አልከበደኝም። «ላጸዳላት ብዬ። መኖሩን ሳላውቅ።»

«ነገርሻት?»

ፍላሹ ላይ ያለችውን ብልጭ ድርግም የምትል መብራት አየሁ። እሳቸው ተነሥተው አንድ ብርጭቆ ወተት አመጡልኝ፤ ቆሜ ጠጣሁት። «ቁጭ ብለሽ ጠጪ እንጂ፣ ማን አባረረሽ?» አሉ። ሐሙስ ነው ያባረረኝ፤ እሱን አላልኳቸውም።

ሰበታ ስደርስ ከሰዓት ሆኗል። የአክስቴን በር ገፋ ሳደርግ አንዲት ትከሻቸው ሰፊ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው የለበሱ ሴት በርጩማው ላይ ተቀምጠዋል። የሙሽራዋ እናት ናቸው። ሐሙስን መጠበቅ አቅቷቸው በዚያው ሲያልፉ ገብተዋል።

«ይቺ ናት ኢንጂነሯ?» አሉ።

«የእህቴ ልጅ ናት» አለች አክስቴ።

«ልጅ ናት እኮ! እኔ ደግሞ መነጽር ያደረገ ሰውዬ ነበር የጠበቅሁት።»

«አሁን ይሠራል» አልኩ። ማለት አልነበረብኝም። ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ዊንዶውሱን ከፈትኩ፤ ማውሱንና ፍላሹን ሰካሁ፤ ከሱሉልታ ያመጣሁትን ፋይል «ጫን» አልኩት። አረንጓዴው መስመር ሄደ፣ ሄደ፣ መጨረሻ ሊደርስ ሲል ቆመና በእንግሊዝኛ ረጅም ዓረፍተ ነገር ወጣ። አልተጫነም።

«ምን ይላል?» አሉ ሴትየዋ።

«አንድ ደቂቃ።»

ደግሜ ሞከርኩ። ያው ዓረፍተ ነገር። ለሦስተኛ ጊዜም ሞከርኩ። ከዚያ እንደ ፈተና ጥያቄ ቃል በቃል አነበብኩት። ፋይሉ እውነተኛ መሆኑን የሚያረጋግጠው ሰርተፍኬት ጊዜው ልክ አይደለም ነው የሚለው፤ በዚህ ኮምፒውተር ሰዓት ሲታይ። ሰዓት። ዓይኔን ወደ ስክሪኑ ታችኛው ጥግ ወሰድኩ።

ቅዳሜ ዕለት ሥራዬን ጨርሼ ልነሣ ስል አክስቴ ያንን ጥግ አይታ «ይሄ የፈረንጅ ቀን ግራ ያጋባኛል፤ የሙሽሮቹን ቀን የምጽፈው በእኛ ነው፤ የእኛን አድርጊልኝ» ብላኝ ነበር። አይሆንም አላልኳትም። ቀኑን ራሱ እንዳያስተካክል ዘጋሁና በእጄ ጻፍኩላት፦ ጥርን አምስተኛ ወር አድርጌ፣ ዓመቱን ደግሞ በእኛ አቆጣጠር። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀብኝም። «ጎበዝ!» ብላኝ ነበር።

በዚህ ምክንያት ታብሌቱ ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሄዷል። እሱ በሚያውቀው ቀን ያ ፋይል ገና አልተሠራም፤ ፋይሉን የሚያረጋግጠውም ወረቀት ገና አልተሰጠም። ማክሰኞ ገጾቹ ሁሉ የተዘጉብኝም በሰፈራችን ኔትወርክ አልነበረም።

የማውሱን ቀስት ወደ ጥጉ ወስጄ ዓመቱን መቀየር ጀመርኩ። አክስቴ ከትከሻዬ በላይ እያየች ነው።

«የኔን ቀን ለምን ታጠፊብኛለሽ?»

ማውሱን ለቀቅሁ።

«እቴቴ፣ ፋይሉ እንቢ ያለው በዚህ ቀን ምክንያት ነው። ቅዳሜ ዕለት ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው የቀየርኩት።» መቀጠል ነበረብኝ፤ ሴትየዋ በርጩማቸው ላይ ዞረው እያዩኝ ነው። «ንክኪውንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ዊንዶውሱን ሳጠፋ አብሮ ጠፋ። የዊንዶውስ ጸባይ ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ተበላሽቷል ያልኩሽም።»

ቀድመው የተናገሩት የሙሽራዋ እናት ናቸው።

«እንዴ! እኔ እኮ ሦስት ቀን ሙሉ በስልክ ዊንዶውስ፣ ዊንዶውስ ስትሉኝ የመሥሪያ ቤት ስም መስሎኝ ነበር! ነገሩ የቤታችሁ ነው ለካ!» ተነሥተው ጨርቁን ከመደርደሪያው አወረዱና ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። «እኔ እንግዲህ ልጄ አንድ ናት።»

«ይቀመጡ» አለች አክስቴ። ተቀምጠው እንደነበር ያላየች ይመስለኛል። ወደ እኔ ሳትዞር «ጨርሺ» አለችኝ።

ዓመቱን መለስኩት። ወሩን መለስኩት። ፋይሉን «ጫን» አልኩት፤ በዚህኛው ጊዜ ያለ ምንም ቃል ተጫነ። ታብሌቱ ጠፍቶ ተነሣ። ሦስታችንም ስናየው ቆየን። ጣቴን ስክሪኑ ግራ ጥግ ላይ አሳረፍኩ።

ቀኝ ጥግ ላይ ያለው ነገር ተከፈተ።

ጣቴን ወደ ግራ ሳብኩት፤ ምልክቷ ወደ ቀኝ ሸሸች። ላይና ታቹ ልክ ነው፤ ግራና ቀኙ ግን ተገለባብጧል። የሱሉልታው ታብሌት በስምና በመልክ ከእኛው ጋር መንታ ነው፣ መስታወቱ ግን የተገጠመው በሌላ አቅጣጫ ነው ማለት ነው።

«ጭራሽ!» አሉ ሴትየዋ።

«ይስተካከላል» አልኩ በፍጥነት። «ፋይሉ ውስጥ የሚቀየር ቁጥር አለ፣ አንብቤያለሁ፣ አንድ ሰዓት ብቻ ስጡኝ፣ ባይሆን ነገ ከጠዋት...»

«ተነሽ» አለች አክስቴ።

ተነሣሁ። በቦታዬ ተቀመጠች። ፕሮግራሙን ለመክፈት ሁለት ጊዜ ሳተች፤ በሦስተኛው ጣቷን በተቃራኒው አድርጋ ከፈተችው። ነጭ ገጽ መጣ። ጣቷን መካከል ላይ አድርጋ ቀጥ ያለ መስመር ወደ ታች አወረደች፤ መካከሉ ላይ ግራም ቀኝም ስለሌለ ልክ ወጣ። ከዚያ ወደ ግራ ቅርንጫፍ ልታወጣ ስትል መስመሩ በቀኝ በኩል ተንሻፍፎ ወጣ። አጠፋችው። ደግማ ሳለች፤ አሁንም ተንሻፈፈ፤ አጠፋችው።

እኔ ከኋላዋ ቆሜ እጄን የማደርግበት አጣሁ። «እቴቴ፣ በእውነት አንድ ሰዓት...»

«ዝም በይ፤ ከመካከሉ እየቆጠርኩ ነው።»

ልጅ ሆና ጥልፍ ስትማር ወረቀት ለሁለት አጥፋ ትስል እንደነበር ነግራኛለች። ግማሹን በከሰል ትስላለች፣ ወረቀቱን ታጥፈዋለች፣ በጥፍሯ ትፈገፍገዋለች፤ ስትገልጠው ሌላው ግማሽ በራሱ ታትሞ ይጠብቃታል። የአንገት ጥልፍ ግራና ቀኙ እኩል ነው። ስለዚህ አንዱን ጎን ስትስል ስለ ሌላው ጎን ማሰብ ለእሷ አዲስ ነገር አልነበረም። አሁን ጣቷን ማየት አቆመች። የምታየው በወዲያኛው በኩል የሚወጣውን መስመር ብቻ ነው። ሦስተኛው ቅርንጫፍ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ጫፉ ላይ ተጠማዘዘ፣ ትንሽ መስቀል ሆነ። ቀጥሎ በሌላ በኩል ጓደኛውን አወጣችለት። እጇ ወደዚያ፣ መስመሩ ወደዚህ፤ ስመለከታት ራሴ ዞረብኝ፣ እሷ ግን እየፈጠነች ሄደች።

የሙሽራዋ እናት ጨርቁን እንደታቀፉ ቀስ ብለው ተጠጉ።

«ያቺን ቅርንጫፍ ትንሽ ዝቅ ብታደርጊያት» አሉ።

«የትኛዋን?»

«ይቺን» ብለው በጣታቸው ሲያሳዩ ስክሪኑን ነኩት፤ በሌላው በኩል የማንም ያልሆነ ጭረት ወጣ። «ኧረ በስመ አብ! እዚያ ምን ነካሁ?»

«የነኩት እዚህ ነው፤ የታየው እዚያ ነው» አለች አክስቴ፤ አጠፋችላቸውና ቅርንጫፏን ዝቅ አደረገች።

«እንዲህ ዞሮብሽ ነው የምትስዪው?»

«ምን ላድርግ?»

ሴትየዋ በርጩማውን ጎትተው አጠገቧ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ስለ ሙሽራዋ አንገት አወሩ፣ አጭር ነው ረጅም ነው ተባባሉ፤ እኔን የረሱኝ መሰለኝ። እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ፣ ወደ ማሽኑ እሄዳለሁ፣ ኪቦርዱን እጠቀልላለሁ፣ እፈታዋለሁ። በቁጥሩ ምን እንደሚደረግ ስልኬ ላይ አገኘሁት። ልናገር አፌን ከፍቼ አክስቴን አየኋትና መልሼ ዘጋሁት።

ፀሐይ ከበሩ ስትርቅ ሥዕሉ አለቀ። አክስቴ ታብሌቱን አቁማ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። ሴትየዋ ወደ ኋላ ሄደው አዩት፤ ወደ ፊት መጥተው አዩት፤ አንገታቸውን አዘንብለው አዩት።

«አሁን አቅጣጫውን ላስተካክለው?» አልኩ በዝግታ።

«ሠርጉ ይለፍ» አለች አክስቴ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ በደንብ አየችኝ። «ሌላ ያልነገርሽኝ አለ?»

«የለም።»

«ሁለተኛ 'የዊንዶውስ ጸባይ ነው' ብትዪኝ የኔን ጸባይ ነው የማሳይሽ።»

የሙሽራዋ እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ በሩ ሄዱ። ጨርቁ አሁንም በክንዳቸው ነው። ደፉ ላይ ቆም አሉ፣ ታብሌቱን አንድ ጊዜ አዩት፤ ተመልሰው መጥተው ጨርቁን ማሽኑ አጠገብ አስቀመጡት። በእጃቸው መዳፍ አንድ ጊዜ ዳሰስ አደረጉት።

«ነገ ማሽኑ ላይ ይውጣ» አሉ ለአክስቴ። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ፣ «አንቺ ልጅ፣ ከሠርጉ እንድትቀሪ አልፈልግም። ብቻ የቪዲዮውን ካሜራ እንዳትነኪ።»

አክስቴ ሳቋ አመለጣት። ሴትየዋ ከወጡ በኋላ ጨርቁን ፈታ አድርጋ አንዱን ጫፍ ወደ እኔ ዘረጋችልኝ። «ነይ፣ ያዢልኝ» አለች። ያዝኩላት።